የዝግታው ሁለት ደቂቃ

ስድስተኛው ዙር ላይ የዙሌማ ጉልበት ታጠፈ። በእርምጃ ውድድር ጉልበት ታጠፈ ማለት አለቀ ማለት ነው። አሠልጣኟ ዶን ኤፍራይን ቀዩን ሰሌዳ አነሡ።

"በቃ ልጄ። ዛሬም ስድስት ላይ።"

ፈተናው ስምንት ዙር ነው፤ በእያንዳንዱ አንድ ሺህ ሜትር በሙሉ አቅም፣ በየመሃሉ ሁለት ደቂቃ በዝግታ። ስምንተኛውን ከአራት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ በታች ቀጥ ባለ ጉልበት የጨረሰች ለብሔራዊ ቡድኑ ትመረጣለች። ዙሌማ ሁለቴ ወድቃለች። የቀራት የቅዳሜው ብቻ ነው።

"አቅሙስ ሞልቶሻል" አሉ ዶን ኤፍራይን። "የሚጥልሽ ዝግታው ነው። ሌሎቹ ሲያዘግሙ አንቺ ትከንፊያለሽ። ማን አሳደደሽ?"

"እጄን አወዛውዤ መንሸራሸር አይሆንልኝም።"

ቀድማ የተመረጠችው ሌይዲ ሳቀች። "የሲግሲግ ልጅ አይደለች! እነሱ እኮ ቀብር ሲሸኙም ባርኔጣ ይጎነጉናሉ።" ወዲያው ግን አፏን በእጇ ያዘች። የዙሌማ እናት ከተቀበረች ገና ሁለት ወሯ ነው።

ሌይዲ ያለችው ግን እውነት ነበር። የገለባ ባርኔጣ በመጎንጎን የታወቀችው የሲግሲግ ከተማ ሴቶች ገበያ ሲወርዱም ጣታቸው ከገለባው አይለይም። እናቷ ዶኛ ኦፌሊያም "ባዶ እጅ የሰነፍ ነው" እያለች ነው ያሳደገቻት። እናቷ ጀምራ ሳትጨርሰው የሞተችው ባርኔጣ፣ ገለባው እንደተንጨፈረረ፣ እስከ ዛሬ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል።

ዶን ኤፍራይን ወደ ዙሌማ ዞሩ። "እናትሽ እየጎነጎነች ስትሄድ አረማመዷ እንዴት ነበር?"

"ቀስ ብላ ነው። ከቸኮለች ገለባው ይበጠስባታል።"

"እንግዲያው ቅዳሜ የሚጎነጎን ባርኔጣ ይዘሽ ነይ።"

ቅዳሜ፣ የመጀመሪያው ዙር እንዳለቀ፣ ሌይዲ ባርኔጣውን አቀበለቻት። ዙሌማ በለመደችው ፍጥነት እየተራመደች ጎነጎነች፤ አንድ ገለባ ተበጠሰ። እናቷ በእጇ ያዘጋጀችው ገለባ ነበር። ደነገጠችና እርምጃዋን አበረደች። ጣቶቿ መንገዳቸውን ሲያገኙ ትንፋሿም ረጋ።

ስድስተኛው ዙር አለፈ፤ ጉልበቷ ጸና። ከሰባተኛው በኋላ ስታዘግም ከአጥሩ ማዶ አንዱ "ሴትዮ፣ ገበያ መሰለሽ እንዴ?" ብሎ ጮኸባት። ቀና አላለችም። ጣቷን በምራቋ አርጥባ ቀጠለች።

ስምንተኛውን በአራት ደቂቃ ከሠላሳ ስምንት ሰከንድ ጨረሰች። ቀዩ ሰሌዳ ከዶን ኤፍራይን ብብት አልወጣም።

"አየሽ?" አሏት፤ ሌላ አልጨመሩም።

ሣሩ ላይ ተቀምጣ ባርኔጣውን አየችው። የእናቷ ጉንጉን ጥብቅ ነው። የእሷ መጀመሪያው ላይ ተንሻፏል፤ ወደ መጨረሻው እየተስተካከለ ይሄዳል።

"የተንሻፈፈውን ትፈቺዋለሽ?" አለች ሌይዲ፣ አጠገቧ ቁጭ ብላ።

"አልፈታውም። የቸኮልኩበት ይታወቅ።"

ባርኔጣውን ጭኗ ላይ አኖረችው። ሁለት እጆቿን ባዶአቸውን ሣሩ ላይ አሳረፈች፤ ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው።