በዋናው በር

«በፓርኩ ዳር ለሚገኘው ሕንጻ ነዋሪዎችና ለሆቴሉ ክቡራን እንግዶች በሙሉ፦ በእንግዳ መቀበያው የቆመው የፕላስቲክ ዘንባባ ከግራ ጥግ ወደ ቀኝ ጥግ የተዛወረ መሆኑን አስተዳደሩ በታላቅ ደስታ ያበስራል።»

ጽፎ፣ ማኅተም አሳርፎ የለጠፈው ሥራ አስኪያጁ ተክለማርያም ነው። ዘንባባው የተነሣው ከሰዓት የምትገባው ሙሽራ ቀሚስ እንዳይያዝበት ነበር። ጅግጅጋ እንዲህ ያለ ሰርግ አይታ አታውቅም ተብሏል፤ በየሳምንቱ እንደሚባለው።

ሙሽራዋ ሳትደርስ ግን ዘጠነኛ ፎቅ የሚኖሩት፣ ሁሉም «ኤዶ» እያለ እንደ አክስቱ የሚጠራቸው ደሃቦ አረፉ።

ተክለማርያም ከደብረ ብርሃን ሲመጣ አገሩ ባዳ ሆኖበት ነበር። ኤዶ ደሃቦ ከቱሊ ጉሌድ ከሚላክላቸው የግመል ወተት በየጠዋቱ አንድ ብርጭቆ ይዘውለት ይወርዱ ነበር።

«ጠጣ ልጄ፣ ከስተሃል።»

እሱ ባደገበት ቤት ክርስቲያን የግመል ወተት አይቀምስም። ይህን ማን ይንገራቸው? ተቀብሎ፣ መርቀውት ሲሄዱ ለፓርኩ ድመቶች ያፈስ ነበር። ድመቶቹ ወፈሩ። እሱ እንደከሳ ቀረ። እሳቸውም ብርጭቆውን በትልቅ ኩባያ ለወጡት።

አስከሬኑ ታጥቦ ተከፈነ። ቃሬዛው ግን አሳንሰሩ ውስጥ አልገባ አለ። የሕንጻውና የሆቴሉ ባለቤት ዐብዲከሪም ዘዴ አላጣም።

«ትንሽ ቀና ተደርገው ቢቆሙስ?»

«በሕይወቷ ለአንተ ተነሥታ አታውቅም፤ ዛሬ ትቁምልህ?» አሉ ባላቸው አዛውንቱ ዒጋል።

ወንዶቹ በትከሻቸው ተሸክመው፣ በየፎቁ እየተቀባበሉ በደረጃው ወረዱ። ታች ሲደርሱ ዐብዲከሪም ሥራ አስኪያጁን በክንዱ ሳበው።

«በጓሮ፣ በቆሻሻ መድፊያው በኩል ይውጡ! ሙሽራዋ ፓርኩ ጋ ደርሳለች። በዋናው በር ካወጣሃቸው ነገ እንዳላይህ።»

ዒጋል ከቃሬዛው ሥር ቀና አሉ። «ተክሌ፣ በየት ነው?»

የመኪና ጥሩምባና እልልታ ከውጭ ይሰማል። ተክለማርያም የመስታወቱን በር ሁለቱንም ክንፍ ወለል አድርጎ ከፈተ። ተመልሶም ሽማግሌውን ቀስ አድርጎ አወጣና በቦታቸው ትከሻውን ሰጠ። ኤዶ ቀለውት ደነገጠ።

ደጅ ላይ እልልታው ቀጥ አለ። ሙሽራዋ ከመኪናው ወርዳ፣ በነጭ ቀሚሷ አቧራው ላይ ቆማ አሳለፈቻቸው።

ከቀብር ሲመለስ ጫማው አፈር ለብሷል። ዐብዲከሪም በሩ ላይ ጠበቀው።

«ዘመድህ አይደሉ፣ ሃይማኖትህ አይደል! ምን ነካህ? ብቻ አስረዳኝና ልማርህ።»

ተክለማርያም የቢሮውን ቁልፍ አውጥቶ መዳፉ ላይ አኖረለት።

«አላስረዳም።»