የሶር ልጆች መድረክ ይሰረዝ

ሂካ «ይሰረዝ» ብሎ የጻፈው በራሱ ስም አልነበረም። ወንድነቱ ቢኖረው ኖሮማ ነገሩ ድሮ ባለቀ! መቱ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው ፎቶኮፒ ቤቱ ተቀምጦ፣ በሐሰት ስም፣ የኢንተርኔቱ መዝገበ ዕውቀት ላይ እንዲህ አለ፦ «የሶር ልጆች የተባለው የውይይት መድረክ ከተዘጋ ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። አባላቱ መቶ አይሞሉም። አንድ ጋዜጣ እንኳ አልጻፈለትም። መዝገብ ሊገባ አይበቃም።» በመዝገቡ ደንብ መሠረት ለሰባት ቀን ክርክር ተከፈተ።

መዝገቡ ላይ ስለ መድረኩ የጻፈችው ኢብሴ ናት፤ የሟቹ የኦሊ ታናሽ እህት። የመቱ፣ የጎሬና የኡካ ወጣቶች በቅጽል ስም የሚቀላለዱበት፣ ግጥም የሚወራወሩበት፣ የሚሰዳደቡበት ቦታ እንደነበር ጻፈች። ቀጥላ «መድረኩ የተዘጋው አባሉ ኦሊ አምባዬ ጻፈው በተባለ ስድብ ምክንያት ስለተገደለ ነው» አለች። «ጻፈው በተባለ!» ሂካ ይቺን ካነበበ ወዲህ እህል አልወርድለት አለ።

ምን ይደረግ፣ እውነቱን ያውቃላ! ያን ጊዜ በሰፍዋን ኢንተርኔት ቤት መብራት ሲጠፋ ሁሉም እየተራገመ ይወጣል። መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ ቀድሞ የነበረውን ሰው ስም እንዳስታወሰ ይከፈታል፤ ቀጥሎ የተቀመጠ ሰው በዚያው ስም መጻፍ ይችላል። ያን ቀን መብራት ሲጠፋ ኦሊ ተነስቶ ለአክስቱ ሰርግ ጎሬ ሄደ። ከሁለት ሰዓት በኋላ መብራት ሲመጣ ሂካ ወንበሩ ላይ ተተካ፣ የኦሊ ስም ተከፍቶ ጠበቀው። በዚያው ሳምንት ፋኦል የሚባል የሰፈሩ ጉልቤ ኳስ ሜዳ ላይ፣ በሴቶች ፊት፣ ሂካን በጥፊ አጩሎት ነበር። ሂካ የፋኦልን እናት ሴትኛ አዳሪ አድርጎ ሁለት መስመር ጻፈ። እየሳቀ ነበር የጻፈው፣ አይ ልጅነት!

በማግስቱ ፋኦል ከጎሬ የተመለሰውን ኦሊን ገበያው መውረጃ ላይ አገኘው። ኦሊ «ምን ሆነሃል?» ብሎ ሳይጨርስ ገጀራው ትከሻው ላይ አረፈ። ሁለተኛው ሊከላከል ያነሳውን ክንዱን ቆረጠው። ኦሊ በጉልበቱ እየተጎተተ፣ ደሙ ቡና ጆንያዎቹ ላይ እየተረጨ፣ «እኔ አይደለሁም! እኔ አይደለሁም!» ይል ነበር። ሦስተኛው አንገቱን አገኘውና ድምፁ ቆመ። ሂካ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሁሉንም አየ። ትንፍሽ አላለም።

ፋኦል ታሰረ። ሽማግሌዎች ለጉማ፣ ለደም ዕርቅ ማለት ነው፣ ተቀመጡ። ሟች እናት ሰድቧልና ጥፋቱ የሁለቱም ነው አሉ። የኦሊ እናት እትዬ ሽብሬ የልጃቸው አርባ ሳይወጣ የገዳዩን እናት ጉልበት ስመው ይቅርታ እንዲለምኑ ተፈረደባቸው። ለመኑ። «ልጄን አፉ በላው» እንዳሉ አፈር ገቡ።

ክርክሩ በተከፈተ በአምስተኛው ቀን ኢብሴ ፎቶኮፒ ቤቱ ከች አለች።

«ጋሽ ሂካ፣ መዝገቡ ላይ ምንጭ አምጪ አሉኝ። እነዚህን ኮፒ ያድርጉልኝ» አለችው።

ሁለት ወረቀት ነው። አንዱ ከፖሊስ መዝገብ የወጣው ስድብ፤ የተጻፈበት ሰዓት ከነደቂቃው ሰፍሮበታል። ሌላው የሰርግ ፎቶ፤ ኦሊ ጎሬ ላይ ሲጨፍር፣ ጥግ ላይ በብርቱካንማ ቁጥር ያው ቀን፣ ያው ሰዓት።

«ታዲያ... ማን ጻፈው?» አለ።

«ወንበሩ ላይ ማን እንደተቀመጠ የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ሰፍዋን ነግሮኛል። አንተ ነህ!»

አንቱታው በዚያው ቀረ። ፋኦል በሩ ላይ ነበር፤ በጉማ የታረቁ ሰዎች ናቸውና ኢብሴ እውነቱን ነግራው አብራው መጥታለች። ዐሥር ዓመት ታስሮ የወጣው ሰው ባንኮኒውን ተሻገረ። ሂካን በጸጉሩ ይዞ ፊቱን ከፎቶኮፒው መስታወት ጋር አላተመው። አንዴ፣ ሁለቴ። መስታወቱ ተሰነጠቀ፣ የሂካ አፍንጫ ተሰበረ፣ ጥርሱ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ንጹሕ ሰው አስገደልከኝ!» እያለ ፋኦል የወረቀት መቁረጫውን ምላጭ አንስቶ አንገቱ ላይ ጣለበት። ቆዳው ተከፈተ።

«ፋኦል! አንድ ሰው ይበቃሃል!» ብላ ኢብሴ ጮኸች።

ምላጩ ከእጁ ወደቀ። ያ ጉልቤ መሬት ላይ ዘፍ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ኢብሴ ሂካን ወደ ኮምፒውተሩ ገፋችው። «ጻፍ። በስምህ።»

ሂካ ደሙ ቁልፎቹ ላይ እየተንጠባጠበ ሁሉንም ጻፈ። እሷም የጻፈውን በዚያው በእሱ ማተሚያ አትማ ወጣች። በሰባተኛው ቀን መልስ መጣ፦ «የግል ምስክርነት እንደ ምንጭ አይቆጠርም። ተሰርዟል።» ይቅር ይበለውና ሂካ እፎይ አለ!

ቅዳሜ ግን ፋኦል መጥቶ ከቤቱ አወጣው። ኢብሴ ሽማግሌዎቹን ሰብስባ፣ ያተመችውን ወረቀት ጉማውን ለፈረዱት ለኦቦ ሰቦቃ ሰጥታ ጠበቀቻቸው። ሽማግሌው ወረቀቱን ሳያዩ መለሱላት።

«ይሄ ምን ያደርግልናል? ሰውየው አፍ የለውም?» አሉ።

ሂካ ተነሳ። ዙሪያውን አየ፤ የሚደበቅበት ሌላ ስም አልነበረም። ባበጠ ከንፈሩ «የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኦሊ አልጻፈም። ሲሞትም እያየሁ ዝም አልኩ» አለ።

ከተሰበሰቡት ሴቶች መሐል የፋኦል እናት በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱ። ያን ጊዜ ጉልበታቸው የተሳመው እሳቸው ናቸው። ሂካን ቀና ብለውም አላዩት። ወደ ኢብሴ ዞሩና «የሽብሬን መቃብር አሳዪኝ ልጄ፣ ጉልበቴ ሳይከዳኝ ልንበርከክላት» አሏት።

ኢብሴ እጃቸውን ይዛ ቀደመች። ፋኦልም የሂካን ክንድ ጨምድዶ ይዞ ከኋላቸው ተከተለ።