ባትሪው መንደሩ የሄደበት ምክንያት

የኦዳሆው ሹም የናና አምፖንሳ መኪና ባትሪ በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ተቀይሮ አራተኛውም ሲወድቅ እኔን ከኩማሲ አስጠሩኝ። ሱአሜ በሚባለው የከተማው የጋራዦች ሰፈር ውስጥ ሠላሳ ዓመት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠርቻለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም፤ እያዳመጥኩ ነው የለመድኩት። መኪና ዝም ብሎ የሚሰማው ሰው ካገኘ አይዋሽም። ኦዳሆ ስደርስ ግን መኪናው ጋ ከመድረሴ በፊት በሽማግሌዎቹ በኩል ማለፍ ነበረብኝ።

ናና ግቢያቸው መሐል ከትልቅ ጃንጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ግዙፍ ሰው ናቸው፤ ወንበሩ ከሥራቸው አይታይም። በጎናቸው ወርቅ የተለበጠ በትር ይዘው የቆሙት ኦቺያሜ ባፎ ናቸው። ኦቺያሜ የሹም አፍም ጆሮም ነው። ናና ከእኔ በአምስት እርምጃ ርቀት ላይ ሆነው ቃሌን ሁሉ እየሰሙ፣ እኔ የምናገረው ለኦቺያሜ ነው፤ እሳቸው አሳምረው ያቀብላሉ።

«ባትሪው ሞቷል» አልኩ።

አንዱ ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ማስተር ባዱ» አሉኝ ኦቺያሜ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው፣ «በናና ግቢ የሚሞት ነገር የለም። መንደሩ ሄዷል በል።»

«እሺ። ባትሪው መንደሩ ሄዷል።»

ኦቺያሜ ወደ ናና ዞሩ። «ናና ሆይ፣ ባለሙያው የሚለው፣ ኃይል የተባለ ሁሉ የእርስዎን ኃይል አይቶ አፍሮ ቤቱ ገብቷል ነው።»

ሽማግሌዎቹ በእርካታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ቀጠልኩ። «ሞተሩ ከጠፋ በኋላ መኪናው ውስጥ የሚቀመጥ ሰው አለ? ሬዲዮ የሚከፍት፣ መብራት የሚያበራ?»

«ናና ሆይ፣ እርስዎ ዕረፍት ላይ ባሉበት ሰዓት በዚህ አገር ድምፅ ለማሰማት የሚደፍር ይኖራል ወይ፣ ይላል።»

ናና አፋቸውን ከፈት አደረጉ። የሚሉት ነገር እንደነበራቸው አየሁ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በኦቺያሜ ጆሮ አንሾካሾኩ፤ ሹክሹክታው ረዘመ። ኦቺያሜ ቀና አሉና «ናና የሚሉት፣ ሁሉም ሰላም ነው» አሉ።

ያን ያህል በሹክሹክታ የተነገረ ነገር በሦስት ቃል ማለቁ ገረመኝ።

«ምን ያደክመናል» አሉ ፎሪ የተባሉት ሽማግሌ። «ሌባው ሾፌሩ ነው። ኦዱሮ ባትሪውን እያወጣ ለለቅሶ ቤት ድምፅ ማጉያ ያከራያል። ዓርብ ይፈረድበትና ይገላገላል።»

የሚገላገለው ከሥራውና ግቢው ውስጥ ካለችው ቤቱ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ኖሮባታል፤ ከሚስቱ ከሰርዋና ከአራት ልጆቹ ጋር።

መኪናው የቆመው ከግቢው ጀርባ፣ የማንጎ ዛፍ ሥር ነው። ጥቁር፣ ረጅም፣ እንደ መስተዋት የተወለወለ። ኦዱሮ አጭርና ቀጭን ሰው ነው፤ ኮፈኑን ሲከፍት በጣቱ ጫፍ ይቆማል።

«ማስተር፣ ወገቤን አየኸው?» አለኝ። «እኔ ይኼን ባትሪ ከማነሳ እሱ እኔን ቢያነሳኝ ይቀላል። ሰርዋ ግን ከአሁኑ ድስቶቿን ጠቅልላለች።»

«ገና አልተፈረደብህም።»

«ሰርዋ ሽማግሌዎቹን ታውቃቸዋለች።» ኮፈኑን በእጅጌው ወለወለ። «እኔ የምፈልገው ነጩን አፈር ነው። ንጹሕ ነህ ብለው ክንዴን ይቀቡኝና ገበያውን አንድ ጊዜ ልዙርበት። ከዚያ ቤቱን ቢፈልጉ ይውሰዱት።»

ሥራዬን ጀመርኩ። ባትሪውን ሞልቼ ሞተሩን አስነሳሁ፤ ዲናሞው በደንብ ይሞላል። አጠፋሁት። አንዱን ገመድ ነቅዬ በገመዱና በባትሪው መሐል ቴስተሬን አስገባሁና በሮቹን ዘግተን ግማሽ ሰዓት ጠበቅን፤ መኪናም እንደ ሰው እስኪተኛ ጊዜ ይፈልጋል። የሚያልፈው ለመኪናው ሰዓት የምትበቃ የኤሌክትሪክ ጠብታ ብቻ ነበረች።

«ጤነኛ ነው» አልኩት። «የሚያፈስበት ቦታ የለም። ባትሪውን ሰው ነው የሚጠጣው።»

ወደ ውስጥ ገባሁ። የሾፌሩ ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቷል።

«አንተ ነህ የገፋኸው?»

«እኔማ እንደዚያ ብቀመጥ እግሬ ፍሬን አይደርስም። ጠዋት ጠዋት ወደ ፊት እስበዋለሁ፤ ማታ ሲሆን ተመልሶ አገኘዋለሁ።»

ወለሉ ላይ የለውዝ ቅርፊት አለ። የማራገቢያው ማዞሪያ ከፍተኛው ላይ ነው። ቁልፉን ሳዞር ማራገቢያው ጮኸ፤ በጩኸቱ ውስጥ ትክ፣ ትክ፣ ትክ የሚል ነገር ነበር። ደረቅ የማንጎ ቅጠል ገብቶበታል። ለማውጣት ዳሽቦርዱን መፍታት ስለሚጠይቅ ተውኩት።

«ትርፉ ቁልፍ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ናና እልፍኝ፣ ትራሳቸው ሥር» ካለ በኋላ መሬት መሬት አየ። «ናና ግን መሪ አይነኩም። ሹም መሪ አይነካም።»

«ፊት ወንበርም አይቀመጡም» አልኩ፣ የለውዙን ቅርፊት እያየሁ። «በሰው ፊትም አይበሉም።»

«ማስተር፣ እኔ ምንም አላልኩም።»

«እኔም ምንም አልሰማሁም።»

ይኼ የሆነው ማክሰኞ ነው። ረቡዕ ከምሳ በኋላ ሱአሜ ሱቄ ውስጥ ሞተሪኖ ፈትቼ ተቀምጫለሁ። በዚያ ሰዓት ሱአሜ በሙሉ አንድ ሬዲዮ ነው የሚሰማው፤ ሕዝቡ እየደወለ ስለ መንገዱ፣ ስለ ቦዩ፣ ስለ ሹሞቹ የልቡን የሚናገርበትን ፕሮግራም።

«ክዋቤና ነኝ፣ ከኦዳሆ» አለ የደወለው ሰው።

«ክዋቤና፣ ዛሬም መጣህ» አለ አዘጋጁ። «ምሳህን በላህ?»

«በላሁ። አንድ ጥያቄ አለኝ። አንድ ሰው ባላጠፋው ጥፋት ሊባረር ነው። ጥፋተኛውን የሚያውቅ ሰው ምን ያድርግ?»

የደዋዩ ድምፅ ወፍራም፣ የታፈነ ነው። ከኋላው የሚነፍስ ነገር ይሰማል። በሚነፍሰው ውስጥ ትክ፣ ትክ፣ ትክ። መፍቻዬን አስቀመጥኩ።

«ሄዶ ይናገራላ» አለ አዘጋጁ።

«ለማን? እኔ የምናገረውን ሁሉ የሚያቀብለው ሰው አሳምሮ ነው የሚያቀብለው። ርቦኛል ስል አገሩ ጠግቧል ይባልልኛል። ወደ እኔ የሚመጣውም እንደዚያው ነው። እናንተ ጋ የምደውለው ሰው ሰውን ደደብ ሲል መስማት ስለናፈቀኝ ነው።»

«ወንድሜ፣ አማትህ አብረውህ ይኖራሉ ማለት ነው?»

ሱአሜ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ትክትክታውን እየሰማሁ ነበር። ትክ። ቆየት ብሎ ትክ። እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄደ። እኔ ሞልቼ የተውኩት ባትሪ በሬዲዮ ላይ፣ ኩማሲ ሙሉ እየሰማው፣ መንደሩ እየሄደ ነበር።

ነገሩ ገባኝ። ናና ሞተሩን ቢያስነሱ ግቢው ይሰማል። መስኮት ቢከፍቱ ድምፃቸው ይወጣል። ስለዚህ መስኮቱን ዘግተው፣ ሙቀቱ እንዳይገድላቸው ማራገቢያውን ከፍተው፣ ግቢው ናና ተኝተዋል ብሎ በጣቱ በሚራመድበት ሰዓት ለሦስት ሰዓት ያህል ሰው ይሆናሉ። የትኛውም ባትሪ ይኼን አይችልም።

ያን ቀን በሬን ዘግቼ ጸለይኩ። ዋሽቼ አላውቅም፤ ናናን በአደባባይ ማዋረድም አልፈለግኩም። ቃል ስጠኝ አልኩት። የተሰጠኝ ቃል አጭር ነበር።

ዓርብ ጠዋት ከኦቺያሜ ፊት ቆምኩ። ኦዱሮ ባዶ እግሩን ቆሟል፤ ሰርዋ ከበሩ ውጭ ድስቶቿ ላይ ተቀምጣለች።

«ኦዱሮ ባትሪውን አልነካም» አልኩ። «የጨረሰው፣ ከምሳ በኋላ መስኮት ዘግቶ፣ ማራገቢያ ከፍቶ ሬዲዮ የሚሰማ ሰው ነው። ማን እንደሆነ አልናገርም። እሱ ራሱን ያውቃል።»

ኦቺያሜ ወደ ናና ዞሩ። «ናና ሆይ፣ ባለሙያው የሚለው...» ቆሙ። በትሩ ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው ሄደ። «የሚለው...» በዚያ ግቢ ታሪክ ኦቺያሜ ባፎ ቃል ሲያጡ ያየነው እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

ናና ማንንም ሳይጠብቁ በገዛ አፋቸው ተናገሩ። «እኔ ነኝ። ኦዱሮ ምንም አላደረገም። ባትሪውን የጨረስኩት እኔ ነኝ።»

የጃንጥላው ዘርፍ ሲወዛወዝ ይሰማ ነበር። ኦቺያሜ ግን አገገሙ።

«ሰማችሁ?» አሉ በትራቸውን ከፍ አድርገው። «ናና የልጃቸውን የኦዱሮን ጥፋት በራሳቸው ትከሻ ተሸከሙ። እንዲህ ያለ አባት የት ይገኛል?»

«አይደለም፣ ባፎ፣ በእውነት እኔ...» አሉ ናና። ከበሮው መመታት ስለጀመረ የቀረውን የሰማ የለም። ፎሪ በልብሳቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ኦዱሮ ተንበርክኮ እንዲያመሰግን ተደረገ። ሥራውም ቤቱም ተመለሰለት። ነጩ አፈር ግን አልተቀባም፤ የሚቀባው ንጹሕ የተባለ ነው፣ እሱ ይቅር የተባለ ነው።

«ምሕረት የተደረገለት ሌባ» አለችኝ ሰርዋ፣ ድስቶቿን እየፈታች። «ከተራው ሌባ በምን ይለያል?»



ከሰዓት ኦቺያሜ አስጠሩኝ። «ናና የሚሉት፣ ለመኪናው ሁለተኛ ልብ ይደረግለት» አሉ ዓይኔን ሳያዩ። በሚቀጥለው ረቡዕ ተመልሼ ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ ሁለተኛ ባትሪ አስገባሁ፤ ለሬዲዮና ለማራገቢያ ብቻ። ዋናው ባትሪ ለማስነሻ ይቀራል። ዳሽቦርዱን ፈትቼ ነበር፤ ቅጠሉን አየሁትና እዚያው ተውኩት።

ሥራዬን ጨርሼ ገበያ መሐል ሰርዋ የምትሸጥበት ቦታ ምሳዬን እየበላሁ ነው። ኦዱሮ አጠገቤ አቀርቅሮ ተቀምጧል። የገበያው ሬዲዮዎች ሁሉ በርተዋል።

«ክዋቤና ነኝ፣ ከኦዳሆ።»

ትክ፣ ትክ፣ ትክ፤ ጠንካራ፣ የማይዘገይ።

«ባለፈው የነገርኳችሁ ሰው ኦዱሮ ይባላል፤ ሾፌር ነው። ይቅር ተብሏል ብለዋችኋል፤ ይቅር የሚባል ጥፋት አልነበረበትም። ባትሪውን የጨረስኩት እኔ ነኝ፣ ሬዲዮ እየሰማሁ። ሰዎች ሆይ፣ ይኼን ማንም እንዳያሳምረው።»

«አንተ ግን ማን ነህ?» አለ አዘጋጁ።

«አንድ ሬዲዮ የሚሰማ ሰው።» ዘጋ።

ያንን ድምፅ የማያውቅ ኦዳሆ ውስጥ የለም። ወደ ግቢው ዞሮ ያየ አንድ ሰው እንኳን አልነበረም። ከፊት ለፊታችን ነጭ አፈር የምትሸጥ አሮጊት ነበረች፤ ተነሳች፣ አንዱን ድቡልቡል በውሃ አሸችና የኦዱሮን ክንድ ከትከሻው እስከ አንጓው ቀባችው። ምንም አላለችም። ኦዱሮ ተነስቶ ገበያውን ዞረ፣ ቀስ ብሎ፣ በእያንዳንዱ መደብ ፊት እየቆመ። ሰርዋ ከኋላው ሄደች፤ ወጡ እስኪያርባት ድረስ አልተመለሰችም።

ኋላ ኦዱሮ እንደነገረኝ፣ በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። የናናን ድምፅ አስመስሎ በሬዲዮ የሚናገር ክዋቤና የሚባል ወሮበላ ተይዞ እንዲቀርብ ወሰኑ፤ ፍለጋውንም ናና ራሳቸው እንዲመሩ ለመኗቸው። ናና ከኋላ ወንበር ተቀመጡ፣ ኦቺያሜ ከጎናቸው። ክንዱ ላይ ነጩ አፈር ያልታጠበው ኦዱሮ ወንበሩን ወደ ፊት ስቦ ቁልፉን አዞረ። መኪናው በአንዴ ተነሳ።

ናና ጎንበስ ብለው አንሾካሾኩ።

«ናና የሚሉት» አሉ ኦቺያሜ፣ «ቀስ ብለህ ንዳ፤ ሰውየው ሩቅ አይመስለኝም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳይጨምሩ ያቀበሉ ይመስለኛል።