የሁለት ሰው ጀልባ

«ሳብ! በርታ እንጂ!» አለ ሎጋው።

በያጁ ከኋላው ተቀምጦ ሳበ። ጠባቧ የውድድር ጀልባ ወደ መነሻው መስመር ተንሸራተተች። ለእያንዳንዳቸው አንድ መቅዘፊያ ነው ያላቸው፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። አንዱ ከለገመ ጀልባዋ ትዞራለች። እነሱ ግን ዓመታት ሙሉ ትንፋሻቸው ሳይቀር ገጥሞ ነው የኖሩት።

ሎጋው የበያጁ እህት ባል ነው። በያጁን ሚስቱ ጥላው ከሄደች ወዲህ፣ ቀኑን ብረት ሲበይድ ውሎ ቤቱ ሲገባ የሚያናግረው ሬዲዮው ብቻ ነው። በሩን አንኳኩቶ «አንተ ብረታ ብረት፣ አለህ?» የሚል ሰው ቢኖር ሎጋው ነው።

ጠዋት በያጁ ሎጋውን ሊጠራው ቤቱ ሲሄድ በሩን የከፈተችለት እህቱ ነበረች። ሻሿን እስከ ጉንጯ ብትስበውም ዓይኗ ሥር የጠቆረውን አልሸፈነላትም።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ደረጃ አዳልጦኝ ነው፣ ወንድምዬ። ሂዱ በቃ፣ እንዳይረፍድባችሁ።»

ቤቷ ደረጃ የለውም። መንገድ ላይ ትዝ አለው። የሥራ ቦታዋ ደረጃ ይሆናል ብሎ ራሱን አባበለ፤ ማመን ስለፈለገ አመነ።

አሁን ግን ዓይኑ ሎጋው እጅ ላይ አረፈ። መቅዘፊያውን የጨበጡት ጣቶች አንጓቸው አብጧል፤ ቆዳውም ተልጧል።

«እጅህ ምን ነክቶት ነው?»

«ተወው ባክህ።»

«እህቴን መትተሃታል?»

ሎጋው መቅዘፉን አላቆመም። «የባልና የሚስት ነገር ነው፣ አትግባበት። እሷም ብትሆን አፏን አትሰበስብም። ይቺን እናሸንፍና ማታ እናወራለን። እኔና አንተ እኮ ወንድማማች ነን።»

በያጁ ወንድሜ ብሎ የሚጠራው ሌላ ወንድ የለውም። ከእንግዲህ ማንም የማያንኳኳው በር ታየው። ወዲያው ደግሞ እህቱ፣ በዚያ ፊቷ፣ እንዳይረፍድባቸው ስትጨነቅ ታየችው።

ዳኛው ከሞተር ጀልባው ላይ ድምፅ ማጉያውን አነሳ።

«ዝግጁ ናችሁ?»

«ዝግጁ!» አለ ሎጋው።

በያጁ መቅዘፊያውን ውሃው ላይ አስተኛ። አንድ እጁን ከፍ አድርጎ፣ ዳኛው እንዲሰማው ጮክ ብሎ፣

«እኔ ከእሱ ጋር አልቀዝፍም» አለ።