የሸክላው ልጅ መጨረሻ

«እንዴት ሆነ?» አሉ ከዲምቱ የመጡት ሴትዮ፣ ገና አግዳሚው ላይ ሳይቀመጡ።

ቤቴል ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደመለሰች መቁጠር ትታለች። ለቅሶ ደራሽ በመጣ ቁጥር የሟች ልጅ አሟሟቱን ከመጀመሪያው መተረክ አለባት፤ ማሳጠር ነውር ነው።

«አባቴን ማክሰኞ ራሱን አመመው። ኦቶና ሆስፒታል አስገባነው። ዓርብ ጠዋት አረፈ።»

አሳጠረችው። ሴትዮዋ ቅር ብሏቸው ወደ እናቷ ዞሩ።

የቤቴል ዓይን ከድንኳኑ ማዶ ነበር። ኤርካሎ ዛሬም መጥቷል። ትናንት የእድሩን ወንበሮች ሲሸከም ዋለ፣ ዛሬ ሻይ ያድላል። ዘመድ አይደለም፣ የሰፈር ሰውም አይደለም። በከተማው የፊልም ውድድር ለአንደኛ ሽልማት ከቀሩት ሁለት ፊልሞች የአንዱ ሠሪ ነው። ከሦስቱ ዳኞች አንዷ ደግሞ እሷ ናት። የቀሩት ሁለቱ አልተስማሙም። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነጥቧን ካልላከች የሰብሳቢው ምርጫ ያልፋል፤ የሰብሳቢው ምርጫ ደግሞ የኤርካሎ ፊልም አይደለም።

«ለነጥብ ሲል ሻይ ይቀዳል» አለች በልቧ።

መኝታ ቤት ገብታ ላፕቶፑን ከፈተች። ከኤርካሎ ፊልም ያላየችው የመጨረሻው ሃያ ደቂቃ ነበር። ልጇ የሞተባት ሸክላ ሠሪ ከጭቃ ልጅ ትሠራለች፤ ልጁ ነፍስ ይዘራል። አንድ ሕግ ብቻ አለው፤ ዝናብ እንዳይነካው። እስካሁን ፊልሙ ሕጉን አላፈረሰም፣ ቤቴልም የወደደችለት ይህን ነው። አሁን ዝናቡ መጣ። መጀመሪያ የልጁ ጣቶች ሟሙ፣ ቀጥሎ ፊቱ። ከዚያ አንድ የሰው ድምፅ በወላይትኛ፣ ረጋ ብሎ፣

«ተነሳ። ጫማውን አደረገ። ወደ ቤቱ ሄደ» አለ።

የአባቷ ድምፅ ነው።

አባቷ ደገፉ ከመናኸሪያው ጀርባ ለሃያ ዓመት ቪዲዮ ቤት ነበረው። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ማይክ ይዞ ቆሞ የውጭ አገር ፊልሞችን ወደ ወላይትኛ ይተረጉማል። በእሱ ፊልም ሰው አይሞትም። ጀግናው በጥይት ሲወድቅ «ተነሳ፣ ጫማውን አደረገ፣ ወደ ቤቱ ሄደ» ይላል። መጨረሻው ሲቃረብ ደግሞ «ባርኔጣ ይውለቅ!» ብሎ ይጮኻል፣ ከኋላ ያሉት እንዲያዩ። ቤቴል በዚህ አድጋ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ከእነዚያ ፊልሞች አንዱን ዶርም ውስጥ ድጋሚ ስታየው ሰውዬው ሞተ፤ አልተነሳም። ለእረፍት ስትመጣ «ዋሽተኸኛል» አለችው።

አባቷ ሳቀ። «ምስሉን ከለከልኩሽ እንዴ?»

እሷ አልሳቀችም።

ቤቴል ከመኝታ ቤቱ ወጥታ ኤርካሎን ከውኃው በርሜል አጠገብ ያዘችው።

«የአባቴን ድምፅ መቼ ነው የከተትከው? ዓርብ ማታ፣ ከሞተ በኋላ?»

ብርጭቆ ማጠቡን አላቆመም። «ከወር በፊት ተቀዱልኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ጋሽ ደገፉ አስማሉኝ። ‹ካወቀች ከዳኝነቱ ትወጣለች። መጀመሪያ ትየው› አሉኝ።»

የሞተ ሰው ለምስክርነት አይጠራም፤ ኤርካሎም ይህን ያውቃል፣ አለች በልቧ። ወደ እናቷ ሄዳ፣ አባቷ ድምፁን ሊቀዳ ሄዶ እንደሆነ ጠየቀቻት። ወይዘሮ ትዕዛዝ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገች።

«አዎ፣ ሄዷል። ነጭ ሸሚዙን አስተኩሶ። ‹ሰውዬ፣ ድምፅ ለመቀዳት ሸሚዝ ምን ያደርጋል?› አልኩት። ‹አፍሽን ያዥ፣ ዳኛዋ እንዳትሰማ› አለኝ።»

ኤርካሎ እንዲህ ያለ ሸሚዝ መፍጠር አይችልም።

ቤቴል ተመልሳ መጨረሻውን ሦስት ጊዜ አየችው። ሕጉ አልፈረሰም፤ ልጁ በምስሉ ላይ ሟሙቷል። የሚዋሸው ድምፁ ብቻ ነው፣ የሚያይ ሁሉ ደግሞ መዋሸቱን ያውቃል። ሽልማቱ ይገባዋል? ይገባዋል መሰላት። ግን እንዲህ ያሰኛት ፊልሙ ይሁን አባቷ መለየት አልቻለችም። ለሰብሳቢው ለመምህር ጥጋቡ ጻፈች፤ «ይገባዋል ብዬ አስባለሁ። ግን መጨረሻው ላይ የሚናገረው አባቴ ነው። ነጥቤን አትቁጠሩት።»

መልሱ ወዲያው መጣ። «ነፍስ ይማር። እንግዲያው ሽልማቱ ለሌላው ነው።»

ስልኩን እንደያዘች ወደ ኤርካሎ ሄደች። «ከዳኝነቱ ወጥቻለሁ። ሽልማቱ አመለጠህ። አሁን መሄድ ትችላለህ።»

ፊቱን መረመረች። ከንፈሩን ነከሰ፤ አንዴ ወደ መንገዱ አየ። ከዚያ ትሪውን አነሳ።

«ከአረካ የመጡት ሻይ አልደረሳቸውም» ብሎ ወደ ድንኳኑ ገባ።

እስኪወጣ ጠበቀችው። አልወጣም።

አመሻሽ ላይ ጋሽ ጩማ በከዘራቸው እየተደገፉ መጡ። ቪዲዮ ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ የፊተኛው አግዳሚ የእሳቸው ነበር። ዛሬም ከፊት ተቀመጡ።

«እንዴት ሆነ፣ ልጄ?»

ቤቴል አጠገባቸው ተቀመጠች። በዚህ ጊዜ አላሳጠረችም። ማክሰኞ ሸሚዙን ሲቆልፍ ጣቱ እንቢ እንዳለው፣ በባጃጅ ሲሄዱ «ቀስ በል» እያለ ሹፌሩን እንደጨቀጨቀ፣ ሐሙስ ሾርባውን እንደመለሰ ነገረቻቸው።

«ዓርብ ጠዋት…» አለችና ቆመች።

«ተነሳ» አለች በወላይትኛ። «ጫማውን አደረገ።»

ሦስተኛው ቃል አልወጣላትም።

ጋሽ ጩማ አልጨረሱላትም። ባርኔጣቸውን ቀስ ብለው አወለቁና፣ ከኋላ ያለውን ሰው እንዳይጋርዱ፣ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።