የየራሱን ወረቀት ይዞ የሚጠይቅ

የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ቅጽል ስሙ «ሺ ጊዜ» ነው፤ ሺ ጊዜ ያልፈተሸው ነገር የለማ። የላብራቶሪ ውጤት ወደየክፍሉ ፕሪንተር የሚልከውን ፕሮግራምም ሺ ጊዜ ፈትሼዋለሁ ብሎ በዳይሬክተሯ ፊት ምሎ ነበር። ታዲያ አንድ ጠዋት ከወንዶች ክፍል ፕሪንተር የእርግዝና ውጤት ወጣ። የሰባ ዓመቱ ታማሚ «ልጁ እኔን ካልመሰለ አልቀበልም» ቢሉ ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሣው ምንም አልቀረው። ዳይሬክተሯ ግን አልሳቁም። እስከ አሥር ሰዓት ካልተስተካከለ ፕሮግራሙ ያለበት ማሽን ይነቀላል፣ ኃላፊውም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛወራል አሉ።

ሺ ጊዜ ሦስት ወንዝ የሚሞላ ላብ እያላበው እዚያው ክፍል ጥግ ላይ ፕሮግራም ወደምትሠራው የሚስቱ እህት ሄደ። አብረው በሠሩበት ዘጠኝ ዓመት አንድ ነገር ጠይቋት አያውቅም።

ኮዱን አየችውና አስረዳችው። ፕሮግራሙ አሥራ ሁለት ክሮች አሉት፤ እኩል የሚሮጡ መልእክተኞች ማለት ናቸው። የፕሪንተሩን ስም ሰጥተው አድራሻውን የሚጠይቁት የሲ ቋንቋ ፈንክሽን፣ መልስ ሰጪው ማለት ነው፣ ግን መልሱን የሚጽፈው ባለችው አንዲት ሰሌዳ ላይ ነው። አንዱ ጠይቆ ሳያነብ ሌላው ከጠየቀ፣ የፊተኛው መልስ ተጠርጎ የኋለኛው ይጻፍበታል።

«ጋሼ፣ ሲፈትሹት ስንት ውጤት ባንዴ ላኩ?»

«አንድ።»

«ሺ ጊዜ አንድ» አለች።

ከዚያ የፈንክሽኑን ወንድም በቦታው አስገባች፤ ስሙ ጫፍ ላይ «አር» የተቀጠለበትን። ይሄኛው ሰሌዳ የለውም፤ ጠያቂው ሁሉ የራሱን ወረቀት ይዞ ይቀርባል፣ መልሱም እዚያው ላይ ይጻፍለታል። ሲሞከር ወደ ማዋለጃ ክፍል የሚሄደው አልደርስም አለ። ሺ ጊዜ ግምጃ ቤቱ ከነአቧራው ታየው። እሷ ግን ፈገግ አለች፤ የማዋለጃው ፕሪንተር መልሱ ላይ የሚሰፍረው ቅጽል ስሙ ለጉድ የበዛ ስለሆነ ወረቀቱ ጠብቦት ነበር። ፈንክሽኑ ከጠርዙ አልፎ የሌላውን አላበላሸም፤ ይህ አይበቃም፣ ሰፋ ያለ ይምጣ ብሎ መለሰ እንጂ። ወረቀቱን እጥፍ አስፍታ ሰጠችው። ሺ ጊዜ በዓለም ዙሪያ እንዲህ ልኩን የሚያውቅ ጨዋ አላየሁም ብሎ ማለ፤ ይህን መሐላውን እኔም እመሰክርለታለሁ።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ዳይሬክተሯ ባሉበት ሦስት ሺህ የሙከራ ውጤት ባንዴ ተለቀቀ። ነርሶቹ ከየክፍሉ እየደወሉ አረጋገጡ፤ አንድም የተሳሳተ የለም። ዳይሬክተሯ ማን እንደሠራው ጠየቁ።

ሺ ጊዜ ወደ ጥጉ ጠቆመ። «እሷ ናት» አለ። «እኔ አላገኘሁትም ነበር።»

ማሽኑም እሱም ባሉበት ይቆዩ ተባለ፤ ከዛሬ ወዲያ ግን እሷ ሳትፈርምበት ምንም ፕሮግራም ወደ ክፍሎቹ አይወጣም። ሺ ጊዜ እስክሪብቶውን ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ አቀበላት።