ትልቁ የገና ቅርጫት

እናቴን ቤት ውስጥ ጉምሩክ እያልን ነው የምንጠራት፤ ፊት ለፊቷ ግን አይደለም። እሷ ሳትፈትሸው በራችንን የሚያልፍ ነገር የለም። የገዛሁት ሳሙና ይሸተታል፣ ዳቦው ተጨምቆ ይታያል፣ ጎረቤት የላከችው ሳህን ተገልብጦ ከታች ይመረመራል።

አይፈረድባትም፤ ሥራዋ ነው ያስለመዳት። የምትሠራው ትልቅ ሱፐርማርኬት ውስጥ፣ ከጓሮ በኩል ባለች መስኮት የሌላት ክፍል ነው። ገና ሲቃረብ ያ ክፍል በቅርጫት ይሞላል። እናቴ ባዶ ካርቶን ገልብጣ ከቅርጫቱ ሥር ታስቀምጣለች፣ በላዩ የተከተፈ ወረቀት ትነሰንስበታለች፣ ስስ የብስኩት ፓኬት ከኋላ በቁሙ ታቆማለች፣ ማርማላታውን ከፊት፣ የወይራ ፍሬውን ጠርሙስ መሃል ታደርጋለች። ከዚያ በሚያብረቀርቅ ላስቲክ ጠቅልላ በቀይ ሪባን ታስረዋለች። ሁለት እጅ የማይሞላ ምግብ እንደ ሙሽራ አጊጦ ይወጣል።

ማታ ቤት ስትገባ ስብከቱ ይጀመራል። “ሰው እንዴት አየር በሪባን አሳስሮ ይገዛል? ለምትወዱት ሰው ብስኩት መስጠት ካማራችሁ ብስኩት ግዙ። ተዘጋጅቶ የተሸጠ ቅርጫት ማለት ‘ምን እንደምትወጂ ለማሰብ ጊዜ አላገኘሁም’ ማለት ነው።”

እኛም ሰማናት። በዘመዶቻችን መካከል ቅርጫት የገዛ ሰው የለም። አንድ ጊዜ ለአክስቴ ከመሥሪያ ቤቷ ቢሰጣት በነጠላዋ ሸፍና፣ እንደተሰረቀ ዕቃ በእኛ በር ደጅ አሹልካ አሳልፋዋለች።

በዚህ ገና ግን ጉምሩክ የምትፈትሸው ዕቃ ሳይሆን ሰው ነበር። የሚፈተሸው ደግሞ የእኔ ሰው ነው።

እኔ ጥርስ ሐኪም ቤት ተራ አስያዥ ነኝ። ክሊኒኩ ከሕንፃው የመጨረሻ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ቀን ሊፍቱ ውስጥ ቀረሁና ጠጋኙ መጥቶ አወጣኝ። እኔን አይዞሽ ከማለቱ በፊት ሊፍቱን ተቆጣው፤ እዚያው ወደድኩት። ከዚያ ወዲህ ሊፍቱ ሳይበላሽም ይመጣል። እንጋባ ሲለኝ ደስ አለኝ፣ ግን እሺ አላልኩትም። አባቴ ካረፈ ጀምሮ እኔና እናቴ ሁለት ብቻ ነን፤ እሷን አስከፍቼ ከዚያ ቤት የምወጣበት አንጀት የለኝም። እሷ ደግሞ “ለገና ይምጣ፣ ልየውና እነግርሻለሁ” ብላ ቆርጣለች። ከእሱ በፊት የመጣውን “ሻዩን ሳያማስል ጣፋጭነቱን አወደሰ፤ ዋሾ ነው” ብላ ነው የሸኘችው።

ስለዚህ ሊፍት ጠጋኙን በደንብ አስጠናሁት። አታወድስ፣ ሁለት ጊዜ ብላ፣ የቤቱን ሶኬት ልፍታ እንዳትል። “ምን ይዤ ልምጣ?” ሲለኝ “ደስ ያለህን” አልኩት። ሰው ዋናውን ነገር ነው የሚረሳው፤ የእናቴን ሥራ አልነገርኩትም ነበር።

በሩን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት ቀይ ሪባን ነው። ከሪባኑ በስተጀርባ ሰው እንዳለ ያወቅኩት ጫማውን አይቼ ነው። ከሱቁ ውስጥ ትልቁን፣ የትልቆቹንም ትልቅ መርጦ አቅፎ ቆሟል። ቆሌዬ ተገፈፈ። አክስቴ ከወንበሯ ሆና ቅርጫቱን ስታይ ጣራውን መመርመር ጀመረች።

እናቴ ተቀበለችው። ሪባኑን አየችው፣ ቋጠሮውን በጣቷ ነካ አደረገችው፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የራሷን ቋጠሮ የማታውቅ ሴት የለችም። እኔም አውቄዋለሁ።

“ከየት ገዛኸው?” አለችው።

“ከትልቁ ሱፐርማርኬት ነው፣ እማማ። በጣም ተሰልፌ ነው ያገኘሁት።”

“ጎሽ” አለች። የእናቴ ጎሽ ብዙ ትርጉም አለው፤ አንዱም ጎሽ ማለት አይደለም።

አክስቴ መላ ያመጣች መስሏት “እስቲ እንክፈተውና እንቅመስ” አለች። የምትይዘውን ስታጣ ሁልጊዜ ምግብ ትጠራለች። ሊፍት ጠጋኙ ደግሞ የተዘጋ ነገር ፈትቶ ማየት ነፍሱ ነው፤ ይህን ረስቼ ነበር። “እኔ ልፍታው” ብሎ ሪባኑን ፈታ፣ ላስቲኩን ገፈፈ፣ ብስኩቱንና ማርማላታውን እየለቀመ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ቶሎ አለቀበት። ግራ ገብቶት እጁን ወረቀቱ ውስጥ ሰደደና ባዶውን ካርቶን አወጣ።

ካርቶኑን አገላብጦ አየው። በውስጡም አየ። ጆሮው ቀላ።

“እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ” አለ። “ይሄን ያሸገው ሰው ሌባ ነው።”

አክስቴ ሻዩ ትን አላት።

“እናት ለሚሆን ሰው የሚሰጥ ነገር ውስጥ ባዶ ካርቶን ይከታል? ነገ ሱቃቸው ድረስ ሄጄ አናግራቸዋለሁ።”

“ማንን ነው የምታናግረው?” አለች እናቴ፣ በጣም በለሰለሰ ድምፅ።

“ያሸገውን ሰው ነዋ።”

“ታዲያ እስከ ነገ ምን አስጠበቀህ? እዚሁ ናት፣ አናግራት።” እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። “በነዚህ ነው ያሸግኩት።”

ምድር ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሊፍት ጠጋኙ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ እኔ ደግሞ ወደ አክስቴ። አክስቴ “የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም” ብላ አጉረመረመችና እየሳለች ደረቷን መታ መታ አደረገች።

እሱ ግን አልተንተባተበም። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል፣ ቢሆንም ቀስ ብሎ ተነሳ። “ተሳሳትኩ ልል ነበር” አለ፤ “ግን ካርቶኑ ባዶ ነው፣ እማማ። ሌባ ማለቴ ግን ነውር ነው፤ ለሱ ይቅርታ። ይሄን ልመልሰውና ለእርስዎ የሚረባ ነገር ይዤ ልምጣ።” ዕቃዎቹን ወደ ቅርጫቱ መመለስ ጀመረ።

አለቀልኝ ብዬ አሰብኩ። ስብከቱን በልቤ ጀምሬዋለሁ፤ አየር፣ ሪባን፣ ለማሰብ ጊዜ ያጣ ሰው። እንዲያውም ጉዳዩን ላሳጥረው ብዬ “ይመልሰው፣ እማዬ፤ አንቺ እንደሆንሽ ቅርጫት አትወጂም” አልኩ።

እናቴ የቅርጫቱን እጀታ ያዘች።

“አስቀምጥ” አለችው። “ለእኔ የመጣ ነው።”

እሱ ብስኩቱን እንደያዘ ቆመ።

“ከስንት ዘመን ጀምሮ ሳሽግ የኖርኩት ለሰው ነው” አለች፤ ለእሱ ይሁን ለቅርጫቱ አይታወቅም። “ይሄ ለእናቴ ነው፣ ይሄ ለአማቴ ነው እያሉ ሲወስዱ በበሩ ቀዳዳ አያቸዋለሁ። ለእኔ ግን ይዞ የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም።”

“አንቺው አይደለሽ እንዴ አትግዙ ያልሽን?” አልኳት። ድምፄ እንደ ሕፃን ቀጥኖ ነው የወጣው።

“ብያለሁ” አለች እናቴ። “እናንተም አመናችሁኝ።”

አክስቴ ሳሏን አቆመች። እናቴን ልቅም አድርጌ አውቃታለሁ የምል ሰው ነበርኩ፤ ዓይኔን እንባ ሞላውና ሻይ ላመጣ የምሄድ መስዬ ተነሳሁ፣ ግን ከቆምኩበት አልተንቀሳቀስኩም።

እሷ የወይራ ፍሬውን ጠርሙስ ወደ ራሷ አቀረበችና ክዳኑን ለመክፈት ታገለች። ሊፍት ጠጋኙ እጁን ዘረጋ፤ ሰጠችው። ሲከፍትላት አንዷን አውጥታ ቀመሰች። ፊቷ ጭምድድ አለ።

“ይሄንን ነው እንግዲህ መሃል ላይ የማደርገው” አለችና ሌላ ደገመች። ከዚያ ጠርሙሱን ወደ እሱ ገፋችለት። “ብላ።”

በላ። አላወደሰም።

“ጨው ነው አይደል?”

“ጨው ብቻ ነው፣ እማማ።”

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ለረጅም ጊዜ ፊቱን፣ ከዚያ እጁን፣ ከዚያ እንደገና ፊቱን አየችው።

“ስማ፣ ልጄ” አለችው በመጨረሻ፣ ሰው እንዳይሰማባት የፈራች ይመስል ጎንበስ ብላ። “ለከርሞ ገና ትልቁን እንዳታመጣ። መካከለኛውን ያዝ፤ እሱ ካርቶን የለውም።”

ለከርሞ አለች። አክስቴ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ።